አንደኛ ክፍል ለተመደባችሁ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት መምህርት ደወለችልኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት ነው የተመደበችው። «ጋሼ፣ አንደኛ ክፍል ሰጡኝ። ምን አጥፍቼ እንደሆነ እንጃ። የንባብ ስልጠና አለ ይባላል፤ እሱ እስኪመጣ በምን ላስተምር?» አለችኝ። የመጣልኝን ነገርኳት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን አንድ የቆየ ቁጭት ተቀሰቀሰብኝ። ለእሷም ለመሰሎቿም ልጻፈው።

ሱፐርቫይዘር ሆኜ በአቃቂ በኩል ትምህርት ቤቶችን በምዞርበት ዘመን አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበሩ። ተማሪውም መምህሩም «እትዬ» ነበር የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። ከአስራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ማሰልጠኛ ተቋም ገብተው፣ አንድ ዓመት ተምረው፣ የቲቲአይ ሰርተፊኬት ይዘው የወጡ ናቸው። ዲፕሎማ አልነበራቸውም። ክፍላቸው ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ጎን ለጎን ተቀምጦ እንኳን መሰማማት የለም። ያኔ ምገባ የሚባል ነገር ስላልነበረ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ካለ ከቦርሳቸው ቆሎ ያወጣሉ።

ከእሳቸው ክፍል ያለፈ ልጅ ያነባል። ክፍል ሲደለደል የሁለተኛ ክፍል መምህራን «የእትዬን ልጆች ለእኔ!» እያሉ ይነታረኩ ነበር።

አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጬ ሲያስተምሩ አየሁ። አንድ ልጅ ተነሳ። አርጩሜውን ይዞ ፊደል ገበታው ፊት ቆመና «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ብሎ ጀመረ። አንዲት ሳይስት እስከ «ፐ» አወረደው። እኔ በሆዴ «ጎበዝ!» ብያለሁ። እትዬ ግን ከጠረጴዛቸው መሳቢያ ቁራጭ ካርቶን አወጡ። የሳሙና ካርቶን ነው፤ መሃሉ ላይ በምላጭ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ መስኮት ተቀድዳለች። ገበታው ላይ አስደግፈው «ይቺ ማን ናት?» አሉት። በመስኮቷ የምትታየው «ሚ» ናት። ልጁ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «መ፣ ሙ…» አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሚ!» አለ። «ከመ አትነሳ። እሷን ብቻ እያት» አሉት። ካርቶኑን ወደ «ቶ» አንሸራተቱ። ልጁ ዝም አለ። ወደ «ኔ» አንሸራተቱ። አሁንም ዝም። አስቀመጡትና ወደኔ ዞረው «ዜማውን ይዞታል፤ ፊደሉን ገና ነው» አሉኝ።

ይህን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ አይደሉም። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያስታውሳል። የኔታ ሀሁን ካስጨረሱ በኋላ አቡጊዳ ያስቆጥራሉ። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ቤቱም ተራውም ይቀያየራል፤ በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚያ ጋ ይያዛል። ከዚያ ግዕዙ፣ ውርድ ንባቡ፣ ቁም ንባቡ በየደረጃው ይቀጥላል። አንዱን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው የሚሻገር የለም። ዛሬ «ደረጃ በደረጃ የተዋቀረ የንባብ ትምህርት» ሲባል እንደ አዲስ ነገር የሚገረሙ ልጆች አሉ። የኔታ አለንጋ እንደነበራቸውም አልረሳሁም፤ እሱ ይቅር።

ወደ እትዬ ልመለስ። ገበታውን ከላይ ወደ ታች አያስተምሩም። ለ፣ በ፣ ሰን አስቀድመው ያስይዛሉ። ሦስቱ እንደተያዙ ወዲያው «ለበሰ» ያስነብባሉ። ከዚያ እነዚያኑ ሦስት ካርዶች ቦታ ቀይረው «በሰለ» ያደርጓቸዋል። ልጆቹ ፊት ላይ የሚታየውን ነገር እናንተም አንድ ቀን ታዩታላችሁ። ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል ሳይጨርስ ማንበብ እንደሚችል የገባው ልጅ ማግስቱን ከትምህርት ቤት አይቀርም።

ሳድስ ላይ ደግሞ ትዕግሥታቸው ልዩ ነበር። ካዕብ አብዛኛውን ጊዜ በስተቀኝ ቅጥያ አለው፤ ሩ እና ፉን ለብቻ ማሳየት ነው። ሳድስ ግን አንድ ዓይነት መልክ የለውም፤ «ል»ን፣ «ም»ን፣ «ር»ን፣ «ን»ን እያንዳንዱን ለየብቻ ማስያዝ ያስፈልጋል። ድምፁም ያስቸግራል። አንዳንዴ ይነበባል፣ አንዳንዴ ይዋጣል። «ትምህርት» በአምስት ፊደል ይጻፋል፤ ከአፍ የሚወጣው ግን ሁለት ጊዜ ነው፦ ትም፣ ህርት። ልጁ አምስቱንም ፊደል በየተራ እየጎተተ ካነበበ በኋላ ምን እንዳነበበ ሲጠየቅ አያውቅም። እትዬ እጁን አገጩ ሥር እንዲያደርግ ያዝዙትና ቃሉን እንደ ወሬ እንዲለው ያደርጋሉ። አገጩ ሁለቴ ብቻ ወረደ። «በል አሁን እንደዚያ አድርገህ አንብባት።»

ከዕለታት አንድ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ለንባብ የአሰልጣኞች ስልጠና አንድ መምህር ይላክ፤ መስፈርቱ ዲፕሎማ ነው ይላል። ስልክ ደወልኩና የእትዬን ነገር አነሳሁ። «ጋሼ፣ መስፈርት መስፈርት ነው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። አንድ አራተኛ ክፍል የሚያስተምር፣ ዲፕሎማ ያለው ልጅ ተላከ። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ በዚያው ዓመት ወደ ቢሮ ሥራ ተዛወረ። እትዬ ጡረታ ወጡ። ሽኝት ተደረገላቸው፤ ኬክ ተቆረሰ፣ ጋቢ ተሰጣቸው። ካርቶኗ የት እንደገባች የጠየቀ የለም። ያን ሁሉ ዓመት ሲያስተምሩ የሚያደርጉትን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አልጻፈውም፤ ማስታወሻ ደብተር በእጄ ይዤ የምዞረው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ቁጭቴ ይሄ ነው።

እንግዲህ ስለ ስልጠና የማስበውን ከዚህ መገመት ትችላላችሁ። አዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ ስልጠና እንደ ቡና ነው። አቦሉን ዋናዎቹ አሰልጣኞች ይጠጡታል፣ ቶናው ለሱፐርቫይዘር ይደርሳል፣ ክፍል ውስጥ ያለችው መምህርት የምታገኘው በረካውን ነው። እናንተም ጥሩ አላበጃችሁም፤ ገና ስልጠናው ሳይጀመር አበሉ ስንት እንደሆነ ይጠየቃል፣ ሰርተፊኬቱ ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ይወጣል። የቤት ኪራዩን ሳስብ ግን አልፈርድባችሁም።

ይህን ብዬ ደግሞ እራሴን ላፍርስ። እትዬ ምን ያደርጉ እንደነበር በቅጡ የገባኝ አዳራሽ ውስጥ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ ተለክቶ ነበር፤ ልጆቹ አንድ በአንድ፣ በደቂቃ እየተያዘባቸው ተፈተኑ። አንዲት ቃል ማንበብ ያቃታቸው ብዙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በዩኤስኤይድ ድጋፍ በ7 ቋንቋዎች፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ፤ ስልጠናም ተከተለ። አሰልጣኙ የድምፅ ግንዛቤ፣ ፊደልና ድምፅን ማዛመድ፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት እውቀት፣ አንብቦ መረዳት እያለ አምስቱን ዘርፎች ሲዘረዝር እኔ የማስበው እትዬን ነው። ለእረፍት ሲለቁ «ስሙ በመ የሚጀምር ይውጣ» ይሉ ነበር። መሠረትና መላኩ እየተሯሯጡ ይወጣሉ፤ ሙሉጌታ ይወጣ አይወጣ ክፍሉ ይከራከራል። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ለካ የድምፅ ግንዛቤ ነው! ስለዚህ ስልጠናው ሲመጣ ሂዱ። ስሙን ካላወቃችሁት ያያችሁትን ነገር አታውቁትም።

የትምህርት ዕቅድ አጻጻፍ፣ ሰዓት ስለማክበር፣ እነዚህን አልነግራችሁም፤ ኮሌጅ የሄዳችሁት ለምን ሆነና።

የምነግራችሁ አንድ ሥራ አለ። በየሳምንቱ ሁሉንም ልጅ ለየብቻ ሲያነብ ስሙ። ስልሳ ልጅ ይዞ እንዴት ይቻላል ትሉኛላችሁ። አንድ ልጅ አንድ ደቂቃ ነው። ሌሎቹ ሲጽፉ አንዱን ወደ ጠረጴዛችሁ ጥሩት፣ መስመር ላይ ጣቱን አስኪዱት፣ የሳተውን ፊደል በደብተራችሁ ላይ ያዙ። ማርክ አትስጡ። በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን ስታዩት ነ እና ኘ፣ ጠ እና ጨ እየተምታቱበት ያለው ማን እንደሆነ፣ ሳድስ ላይ የሚደናቀፈው ማን እንደሆነ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የሰኞ ትምህርታችሁ እሱ ነው። በአንድ ላይ ሲጮሁ ሁሉም አንባቢ ይመስላል፤ በተለይ ከኋላ ተቀምጦ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው።

በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ በኩል ያላችሁ ሌላም ነገር ይገጥማችኋል። በቁቤ ማንበብ የለመደ ልጅ ወደ አማርኛው ክፍል ይዛወራል። እባካችሁ ማንበብ እንደማይችል አድርጋችሁ አትዩት። ድምፅን ከፊደል ማገናኘት ያውቃል፤ ልዩነቱ እሱ የሚያውቀው ጽሕፈት ተናባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ መጻፉ ነው። እንዲያውም አንዱ እንዲህ ዓይነት ልጅ «ቲቸር፣ የሚጠብቀው ፊደል ለምን ሁለቴ አይጻፍም?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ቁቤ ላይ ይጻፋላ! «አበበ እሺ አለ» እና «ቤት ውስጥ ዳቦ አለ» ብዬ ጻፍኩለት። አንዱን «አለ» አላልቶ ሌላውን አጥብቆ የሚያነበው ሐሳቡን ሲረዳ ብቻ ነው። አንብቦ መረዳትን ለሦስተኛ ክፍል የምታቆዩት ካላችሁ ይህን ልጅ አስቡት።

ወላጅ ደግሞ አለ። መዋዕለ ሕፃናት ኤቢሲዲ አስቆጥሮ የላከውን ልጁን ይዞ መጥቶ «ፊደልማ ድሮ ጨርሷል፤ እንግሊዝኛውን ግፉበት» ይላችኋል። አትከራከሩት። ካርቶኗን ስጡትና ገበታው ላይ ራሱ ያንሸራትት፤ ልጁን ራሱ ይጠይቀው። ካርቶኑን ስትቀድዱ ብቻ መስኮቷ ከጎን ያለውን ፊደል እንዳታሳይ ጠበብ አድርጓት።