የደች ገበታ፦ ምን ይታዘዛል? ቤትስ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ፦ ልጄ ሆላንድ ነው የምትኖረው። በጥቅምት ልጠይቃት ስሄድ ባህላዊ ምግባቸውን ወደሚያቀርብ ትንሽ ምግብ ቤት ልትወስደኝ አስባለች። የአሳማ ሥጋ አልበላም፤ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ምን ልዘዝ? ተመልሼስ ቤቴ ልሠራው እችላለሁ? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እናታችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ስታምፖት የሚሉት ድንችና ጎመን ተቀቅሎ አብሮ የተጨፈለቀ ምግብ ነው፤ ከላዩ የሚቀመጠው የታጠነ ቋሊማ ግን በአብዛኛው የአሳማ ነው። በወፍራሙ የአተር ክክ ሾርባቸው ውስጥ ደግሞ አሳማው አብሮ ስለሚቀቀል፣ ሥጋውን ለቅሞ ማውጣት አያድንዎትም። ለእርስዎ የሚሆነው ሁትስፖት በክላፕስቱክ ነው፦ ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት፣ ከበሬ ሥጋ ጋር። ያም ቢሆን «ስፔክ» የሚሉት የአሳማ ጮማ እንዳልገባበት ልጅዎ አስቀድማ ትጠይቅ።

በጾም ቀን ባይሄዱ እንመርጣለን። ድንቹ በቅቤና በወተት ይጨፈለቃል፣ ፓንኬኩ እንቁላል አለው፤ የድንች ጥብሱን እንኳ በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ሳህን ይቀርባል። ማዕድ ቤታቸው ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቢቀመጡ ጥሩ ነው።

ሁትስፖትን ደብረ ብርሃን ለመሥራት የሚቸግር ነገር የለም። የላይደን ከተማ ሰዎች ከስፔን ከበባ ነፃ የወጡበትን ኦክቶበር 3 ቀን 1574 እ.ኤ.አ. የሚያስቡት በዚህ ምግብ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 23 ግድም፣ ከመስቀል ስድስት ቀን ያህል በኋላ ማለት ነው።

ለአራት ሰው 1 ኪሎ ድንች፣ ሦስት ሩብ ኪሎ ካሮት፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርትና ግማሽ ኪሎ ፍርምባ ይያዙ። ፍርምባውን ለብቻው በዝግታ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀቅሉ፤ ካልለሰለሰ ይጨምሩ። ካሮት ከድንች ዘግይቶ ስለሚበስል በቀጭኑ ከትፈው አስቀድመው ይጣዱት፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ድንቹንና ሽንኩርቱን ያክሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሆላንድ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የሚበቃው ድስት እዚህ 45 ደቂቃ ቢፈጅ አይደንግጡ፤ በሹካ ወግተው ይፈትሹት።

ሲበስል ውሃውን በደንብ ያጥልሉ፤ ውሃ ካቋጠረ ገንፎው ይቀጥናል። በእጅ ይጨፍልቁት እንጂ በመፍጫ ማሽን አይፍጩት፣ የድንቹ ስታርች ወጥቶ እንደ ሙጫ ይሳባልና። ትኩስ ወተትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ይጨምሩ። ቅመም የገባበት ንጥር ቅቤ ጣዕሙን ወደ ወጥ ስለሚወስደው አንመክርም።

ጥያቄ፦ የደች ዓይነት የአተር ሾርባ በፕሬዠር ስሠራ የእንፋሎት መውጫው ይደፈናል። ለምን ይሆን? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ክክ ሲፈላ አረፋ ይነሣል፤ አረፋው የክኩን ቅንጣት ይዞ ወጥቶ መውጫውን ይደፍነዋል። ይህ አደገኛ ስለሆነ ድስቱ ከግማሹ በላይ አይሞላ። ለግማሽ ኪሎ ክክ 2 ሊትር ውሃ አድርገው ክዳኑን ሳይገጥሙ ያፍሉ፣ አረፋውን ይግፈፉ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርገው ከዚያ ይዝጉት። ድንቹን፣ ካሮቱንና ባሮ ሽንኩርቱን የሚጨምሩት ክኩ ከላመ በኋላ፣ እንፋሎቱ ወጥቶ ክዳኑ ሲከፈት ነው። ከዚያ ወዲያ ሳይከድኑ በዝግታ እያማሰሉ ያብስሉት፤ ካልተማሰለ ከሥር ያራል። ሥጋ ካልገባበት ለጾምም ይሆናል። ሲያድር ስለሚጠጥር፣ በማግስቱ ሲያሞቁት ሙቅ ውሃ ጨምረው ያላሉት።