የኮንቴነር ቫሪያብሎችና የኤአይ ኤጀንት፦ የጎንደር ፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፣ ከማራኪ፦ ጋሼ፣ ኤጀንቱ (ኮድ የሚጽፍልኝና ትእዛዝ የሚያስኬድልኝ ኤአይ) የዶከር ኮምፖዝ ፋይሌን (ኮንቴነሮቹ፣ ማለትም ተነጥለው የሚሄዱት ፕሮግራሞች፣ እንዴት እንደሚነሱ የሚጻፍበትን) እንዲያስተካክልልኝ ፈልጌ ነበር። የዶት ኤንቭ ፋይሉንም (ፓስወርድና ቁልፍ በቫሪያብል የተቀመጠበትን) ላስነብበው?

መልስ፦ አታስነብበው። ሞዴሉ በራስህ ማሽን ላይ ካልሆነ በቀር፣ ኤጀንት ያነበበው ወደ ሞዴሉ አቅራቢ ሰርቨር ይሄዳል፤ የዳታቤዝ ፓስወርዱም የክፍያ ቁልፉም ያን ጊዜ ከእጅህ ወጣ ማለት ነው። ለሥራው የሚፈልገው የቫሪያብሎቹን ስም እንጂ ቫልዩውን አይደለም። ስሞቹን ብቻ የያዘ «.ኤንቭ.ኤግዛምፕል» አዘጋጅ፤ ጊት (የኮዱ የለውጥ ታሪክ የሚቀመጥበት) ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ዋናውን በጊትኢግኖርም በዶከርኢግኖርም (ጊትና ዶከር የሚዘሏቸው ፋይሎች ዝርዝር) ጻፈው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ዶከርፋይሉ ፎልደሩን በሙሉ ኮፒ የሚያደርግ ከሆነ ምስጢሩ ኢሜጁ (ኮንቴነሩ የሚነሳበት ጥቅል) ውስጥ ይቀራል።

በኤጀንቱ የፈቃድ ማስተካከያ ላይ ፋይሉን ማንበብ ከልክል፤ ግን በዚህ ብቻ አትተማመን። ተርሚናል የተፈቀደለት ኤጀንት በ«ዶከር ኢንስፔክት» (የኮንቴነሩን ዝርዝር በሚያሳየው ትእዛዝ) ያንኑ ያገኘዋል። «ዶከር ኮምፖዝ ኮንፊግ» ደግሞ ማረጋገጫ ብቻ ይመስላል እንጂ ቫልዩዎቹን ተክቶ ያትማቸዋል። ለማረጋገጥ «ዶከር ኮምፖዝ ኮንፊግ --ኳየት» ይበል፤ የሚናገረው ስህተት ሲኖር ነው። ከሁሉ የሚሻለው ኤጀንቱ በሚሠራበት ማሽን ላይ የሙከራ ቁልፍ ብቻ ማኖር ነው።

ጥያቄ፣ ከአዘዞ፦ የፖስትግሬስን (የዳታቤዙን) ፓስወርድ በዶት ኤንቭ ፋይሉ ቀይሬ ሪስታርት አደረግሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። ኤጀንቱ «ዶከር ኮምፖዝ ዳውን -ቪ» በይ አለኝ። ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትነኪው! ያቺ «-ቪ» ቮሊዩሙን (የዳታቤዙ ዳታ የሚቀመጥበትን) ትሰርዛለች፤ ዳታሽ አብሮ ይጠፋል። ኤጀንቶች ይህን የሚመክሩት ከዚያ በኋላ ፓስወርዱ በእርግጥ ስለሚሠራ ነው፤ ባዶ ዳታቤዝ ላይ ግን።

እዚህ ሁለት ነገር ተደራርቧል። አንደኛ፣ ቫሪያብል ለኮንቴነሩ የሚሰጠው ሲፈጠር ነው፤ ሪስታርት የድሮውን ኮንቴነር ከነድሮው ቫልዩ ያስነሳዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሱ የሚነሳውም እንዲሁ ነው። አዲሱን እንዲወስድ «ዶከር ኮምፖዝ አፕ -ዲ» ማለት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የፖስትግሬስ ኢሜጅ የፓስወርዱን ቫሪያብል የሚጠቀምበት ዳታ ፎልደሩ ባዶ ሲሆን፣ መጀመሪያ ሲነሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ፓስወርዱን ዳታቤዙ ውስጥ ገብተሽ በ«አልተር ዩዘር» ቀይሪው፤ ከዚያ ዶት ኤንቩን አስተካክለሽ አፕሊኬሽኑን በ«አፕ -ዲ» አስነሺ።

ይህን ሁሉ አድርገሽም የድሮው ከታየ ተርሚናሉን ፈትሺ። ኤጀንቱ ቀደም ሲል በዚያው ተርሚናል ኤክስፖርት ያደረገው ቫሪያብል ካለ፣ ኮምፖዝ ከዶት ኤንቭ ፋይሉ ይልቅ እሱን ያስቀድማል። በ«አንሴት» አጥፊው።

ጥያቄ፣ ከፒያሳ፦ የሆቴላችን ሲስተም በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሪፖርት እንዲልክ ለኤጀንቱ ነገርነው። ሪፖርቱ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይደርሰናል።

መልስ፦ የእኛን ሰዓት አቆጣጠር አላወቀውም። 2 ያላችሁትን እንዳለ ክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስጀምረው) ላይ 2 ብሎ ጻፈው፤ ኮንቴነሩ ደግሞ የሚሄደው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ። የዩቲሲ 2 ሰዓት ለእኛ ከሌሊቱ 11 ነው። ክሮኑ በዩቲሲ ከቀጠለ 5 ይጻፍ። የ«ቲዜድ» ቫሪያብልን «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ካላችሁት ደግሞ 8 ይሁን። ኢሜጁ አልፓይን (ትንሹ የሊነክስ ዓይነት) ከሆነ «ቲዜድዳታ» የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑበት፤ ያለሱ ቫሪያብሉ ቢኖርም በዩቲሲ ይቀጥላል። ለኤጀንት ሰዓት ስትነግሩት ሁልጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከነሰዓት ቀጠናው ንገሩት።

ጥያቄ፦ ፓስወርዴ ውስጥ $ አለ፤ ግማሹ ይጠፋል።

መልስ፦ ኮምፖዝ ከ$ ቀጥሎ ያለውን የቫሪያብል ስም አድርጎ ይወስደዋል። በዶት ኤንቭ ፋይሉ ላይ በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ክበበው፤ ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ከሆነ $$ ብለህ ደርበው። በ«ዶከር ረን --ኤንቭ-ፋይል» ስታስነሳ ግን ጥቅሱን አንሳ፤ እዚያ ጥቅሱ ራሱ የፓስወርዱ አካል ይሆናል።

ጥያቄ፦ ኤምሲፒ ሰርቨር (ለኤጀንቱ ተጨማሪ መሣሪያ የሚሰጥ ፕሮግራም) በዶከር አገናኘሁ፤ ተነስቶ ወዲያው ይዘጋል።

መልስ፦ ምናልባት «-አይ» ረስተህ ይሆናል። ኤጀንቱ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገረው በስታንዳርድ ኢንፑት ከሆነ፣ ያለ «-አይ» መስመሩ ዝግ ስለሚሆን ሰርቨሩ ሥራው ያለቀ መስሎት ይወጣል። ቶክኑን (የመግቢያ ቁልፉን) ደግሞ በኮንፊግ ፋይሉ የትእዛዝ መስመር ላይ አትጻፈው፤ «-ኢ» ብለህ የቫሪያብሉን ስም ብቻ አስቀምጥ፣ ዶከር ቫልዩውን ከአስነሺው ፕሮግራም ኤንቫይሮመንት ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ኤጀንቱ ዶት ኤንቩን ኮሚት አድርጎ ፑሽ አደረገው። ፋይሉን ሰርዤዋለሁ፤ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ በጊት ታሪክ ውስጥ አለ። አሁኑኑ ቁልፎቹን ሰጪው ዘንድ አሰርዝና አዲስ አውጣ፤ ታሪኩን ማጽዳት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።