ስለ ኬ-ፖፕ የዓመቱ ሽልማቶች፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የኮሪያ ፖፕ ሙዚቃ የሽልማት ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የሚደምቅ በመሆኑ፣ ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ይህንኑ የሚመለከቱ ናቸው። ከመካከላቸው የተደጋገሙትን መርጬ እንደሚከተለው መልሻለሁ። ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ «በየሳምንቱ አንድ የኮሪያ ዘፋኝ የዓመቱን ትልቅ ሽልማት ወሰደ ሲባል እሰማለሁ። ለመሆኑ ዋናው ሽልማት የትኛው ነው?»

ሁሉም ወገን ተስማምቶ ዋና ብሎ የተቀበለው አንድ ሽልማት የለም። ጋዜጣው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያውና የሙዚቃ ማዳመጫ መተግበሪያው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሥነ ሥርዓት ያዘጋጃሉ። በዕድሜ ከሚያንጋፉት አንዱ የሆነው ጎልደን ዲስክ አዋርድስ በ1986 የተጀመረ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ትልቅ ሽልማት የወሰደው ዛሬም በአገሩ እንደ አባት የሚከበረው ቾ ዮንግ-ፒል ነበር። በውጭ አገር ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ማማ አዋርድስ ደግሞ በ1999 ኤምኔት በተባለው የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ የሙዚቃ ቪዲዮዎችን ለመሸለም ተጀምሮ፣ በ2009 መላውን እስያ የሚያቅፍ ስም ወስዶ፣ በ2022 የአሁኑን ስያሜ ይዟል። ሜሎን ሚዩዚክ አዋርድስ ኮሪያውያን ሙዚቃ ከሚያዳምጡበት ትልቅ መተግበሪያ የወጣ ነው፤ በ2004 የተመሠረተው ኮሪያን ሚዩዚክ አዋርድስ ግን ተቺዎች፣ ጋዜጠኞችና የሬዲዮ አዘጋጆች ለሥራው ጥራት ብቻ የሚሰጡት ነው።

በእኔ አስተያየት እነዚህን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። የአልበም ሽያጭን ማወቅ የፈለገ ጎልደን ዲስክን፣ ኮሪያውያን በየዕለቱ ምን እንደሚያዳምጡ ማወቅ የፈለገ ሜሎንን፣ የመድረክ ትርዒትና የዓለም አቀፍ አድናቂዎችን ጉልበት ማየት የፈለገ ማማን ይከታተል። ስለ ሙዚቃው ብቻ የሚጨነቅ ሰው ደግሞ፣ የቴሌቪዥን ድምቀት ባይኖረውም፣ ኮሪያን ሚዩዚክ አዋርድስን ቢከታተል ይጠቀማል።

ጥያቄ፦ «በአንድ ምሽት ሦስት የተለያዩ አርቲስቶች ሁሉም ዴሳንግ ወሰዱ ተባለ። ትልቁ ሽልማት አንድ መሆን አልነበረበትም?»

ዴሳንግ የሚባለው የምሽቱ ከፍተኛ የሽልማት ደረጃ እንጂ አንድ ዋንጫ ብቻ አይደለም። በማማ ለረጅም ጊዜ የቆዩት ሦስቱ የዓመቱ አርቲስት፣ የዓመቱ አልበምና የዓመቱ ዘፈን ናቸው፤ በ2018 ደግሞ አራተኛ ተጨመረ። ክፍፍሉ በራሱ ትክክል ነው፤ ምክንያቱም በ2012 የዓመቱን ዘፈን የወሰደው የዘፋኙ የሳይ «ጋንግናም ስታይል» ዓለምን ያዳረሰ አንድ ዘፈን ሲሆን፣ ከ2013 እስከ 2017 ለአምስት ተከታታይ ዓመታት የዓመቱን አልበም የወሰደው ኤክሶ የተባለ ቡድን ጥንካሬው በአልበም ሽያጭ ላይ ነበር። በአንጻሩ ቢቲኤስ የተባለው ቡድን በ2019 እና በ2020 አራቱንም ጠቅልሎ ወስዷል። ሆኖም የዘርፉ ቁጥር በጨመረ መጠን የሽልማቱ ክብደት እንደሚቀንስ የሚናገሩት የኮሪያ ተቺዎች እውነት አላቸው።

ጥያቄ፦ «የ15 ዓመት ልጄ ሌሊት እየተነሣች በስልኳ ድምፅ ትሰጣለች፤ በተለያየ ኢሜይል ብዙ አካውንት ከፍታለች። አሁን ደግሞ ውጭ አገር ያለችው አክስቷ አንድ አልበም ደጋግማ እንድትገዛላት ትለምናለች። ይህ ሁሉ በእርግጥ ይቆጠራል? ወይስ ልጄ በከንቱ እየደከመች ነው?»

ውድ እናት፣ ጥያቄዎ ዘርዘር ያለ መልስ ይገባዋል።

በመጀመሪያ፣ የድምፅ ክብደት እንደ ዘርፉ ይለያያል። በማማ ሙሉ በሙሉ በአድናቂዎች ድምፅ የሚወሰኑ ዘርፎች አሉ፤ ልጅዎ የምትሰጠው ድምፅ በቀጥታ የሚቆጠረው በእነዚህ ነው። እንደ የዓመቱ አርቲስት ባሉት ትላልቅ ዘርፎች ግን የዳኞች ውሳኔ፣ የዘፈኑ በኢንተርኔት መደመጥና የአልበም ሽያጭ ተደምረው ስለሚታዩ፣ አንዲት ልጅ በአሥር አካውንት ብትደክም በውጤቱ ላይ የምታመጣው ለውጥ ከምትገምተው እጅግ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ አዘጋጆቹ በማሽን ወይም ከደንብ ውጭ ተሰጡ ያሏቸውን ድምፆች ስለሚሰርዙ፣ ብዙ አካውንት መክፈት ትክክለኛውን ድምፅ ጭምር ሊያሳጣት ይችላል። በአንድ አካውንት በየቀኑ ድምፅ መስጠት በቂ ነው፤ እንቅልፏን ማጣት የለባትም።

ስለ አልበሙ ደግሞ ነገሩ ከበድ ይላል። የኬ-ፖፕ አልበም ሲዲ ብቻ የያዘ አይደለም፤ በውስጡ የአንዱ አባል ፎቶ ያለበት ትንሽ ካርድ ይገኛል፤ የማን ካርድ እንደሚወጣ ደግሞ ገዢው ማሸጊያውን ሳይከፍት አያውቅም። የምትወደው አባል እስኪደርሳት አንዲት ልጅ ያንኑ አልበም አምስትና ስድስት ጊዜ ትገዛለች። በዚህ ላይ ከአርቲስቱ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ፊርማ ለመቀበል የሚወጣው ዕጣ በገዙት ቅጂ ብዛት ዕድልን ይጨምራል። ውጤቱም በአኃዝ ይታያል፦ የኮሪያን የሙዚቃ ሽያጭ ደረጃ በሚያወጣው በሰርክል ቻርት የዓመቱ ዝርዝር የገቡት 400 አልበሞች ብቻ በ2023 ከ110 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠዋል፤ የደቡብ ኮሪያ ሕዝብ ግን 52 ሚሊዮን አካባቢ ነው። የሽያጭ ቁጥር ለሽልማት መስፈርት በመሆኑ፣ ኩባንያው ከልጆች ናፍቆት ገንዘብ ይሰበስባል፤ ልጆቹም የሚወዱትን አርቲስት ያሸለሙ እየመሰላቸው ይከፍላሉ። ይህ አሠራር አግባብ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ለልጅዎ አንድ አልበም ይግዙላት፤ አንዱ በሚገባ ያስደስታታል።

ስለ ታማኝነቱም ጠይቀዋል ማለት ይቻላል። ማማን የሚያዘጋጀው ኤምኔት በ2019 ከባድ ቅሌት ገጥሞት ነበር። ይህም ከማማ ጋር ሳይሆን፣ ተመልካች በድምፁ የቡድን አባላትን ከሚመርጥበት ሌላ ፕሮግራሙ ጋር የተያያዘ ነው። የድምፅ ቁጥሩ መቀየሩ ተረጋግጦ የፕሮግራሙ ኃላፊዎች የእስራት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ ከውድድሩ የወጣው ኤክስ-ዋን የተባለ ቡድንም መድረክ ላይ ከወጣ ግማሽ ዓመት ሳይሞላው በጥር 2020 ተበተነ። ምንም ጥፋት የሌለባቸው ወጣቶች ሕልማቸው እንደዚያ መቅረቱ ዛሬም ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ አድናቂዎች ድምፅ የሚቆጠርበትን መንገድ በግልጽ ለማወቅ መጠየቃቸው ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ «የኮሪያ ሽልማት ሆኖ ሳለ ለምን በጃፓንና በሆንግ ኮንግ ይካሄዳል?»

ገበያው እዚያ ስለሆነ ነው። ማማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮሪያ የወጣው በ2010 ወደ ማካው ሲሆን፣ በ2011 ሲንጋፖር፣ ከ2012 ጀምሮ ለዓመታት ሆንግ ኮንግ ሰንብቷል። በ2019 ናጎያ፣ በ2022 ኦሳካ፣ በ2023 የቶኪዮ ዶም፣ በ2024 ደግሞ ኦሳካና ሎስ አንጀለስ አስተናግደውታል። በወረርሽኙ ጊዜ ግን በ2020፣ ተመልካች በሌለበት፣ በ2021ም እንደገና በኮሪያዋ ፓጁ ከተማ ተከናወነ። ጃፓን ለኬ-ፖፕ ከአገር ውጭ ካሉት ገበያዎች ትልቁ ናት፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚይዝ ጣሪያ ያለው ስታዲየምም በጃፓን እንጂ በሴኡል እንደ ልብ አይገኝም። ኮሪያውያን አድናቂዎች ግን የራሳቸውን አርቲስቶች ለማየት አውሮፕላን መሳፈር እንዳለባቸው ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ ቅሬታቸውም እውነት ነው።

ይህንኑ ተከትሎ ሌላ አንባቢ ስለ 2025ቱ ዝግጅት ጠይቀዋል። በኅዳር 26 ሆንግ ኮንግ ታይ ፖ ውስጥ በመኖሪያ ሕንፃዎች ላይ በደረሰው ቃጠሎ ከ150 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ ማማ ደግሞ በ28 እና በ29 በዚያው ከተማ በካይ ታክ ስታዲየም የተያዘ ነበር። አዘጋጆቹ የቀይ ምንጣፉን ሥነ ሥርዓት ሰርዘው፣ የኅሊና ጸሎት አድርገው ዝግጅቱን አካሄዱ። ከብዙ አገር የመጡትን ሰዎች ለመመለስ ከባድ እንደነበር ይገባኛል። ቢሆንም ያልተገኙ ሰዎች ገና እየተፈለጉ ከቃጠሎው በኋላ በሁለተኛው ቀን መድረክ መክፈት ለእኔ የፈጠነ ነበር፤ ለጥቂት ሳምንታት ቢራዘም የሚቀየመው ሰው አይኖርም ነበር።

ጥያቄ፦ «አንዳንድ ታዋቂ ዘፋኞች ለምን ሳይገኙ ይቀራሉ?»

አብዛኛውን ጊዜ የኮንሰርት ጉዞ ወይም የጤና ችግር ነው። አንዳንዴ ግን በኩባንያና በጣቢያ መካከል ያለ ቅራኔ ይሆናል፤ በ2009 ኤስኤም ኢንተርቴይንመንት የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ የመስፈርቱን ፍትሐዊነት ጥያቄ ውስጥ አስገብቶ አርቲስቶቹ በማማ እንዳይገኙ አድርጓል። የቆየው ቅሬታ ደግሞ ዋንጫው የሚሰጠው ለመጣ ሰው ነው የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ «በ2018 ቢቲኤስ ሽልማት ሲቀበሉ ለምን እንደዚያ አለቀሱ?»

ያ ምሽት ታኅሣሥ 14 በሆንግ ኮንግ ነበር። የዓመቱን አርቲስት ሽልማት ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ ሲቀበሉ፣ ጄይ-ሆፕ ንግግሩን በዕንባ ጀመረ፤ ቀጥሎ የቡድኑ ታላቅ የሆነው ጂን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ በመንፈስ እጅግ ተዳክመው እንደነበርና ስለ መበተን ተነጋግረው እንደነበር ለሕዝብ ተናገረ፤ ልባቸውን መልሰው ስላጠነከሩም ጓደኞቹን አመሰገነ። በዓለም ላይ ከፍ ባሉበት ዓመት ሊለያዩ መቃረባቸውን አድናቂዎቻቸው የሰሙት በዚያ መድረክ ላይ ነበር። ከሽልማት ንግግሮች ሁሉ ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ከዋንጫው ጀርባ ምን ያህል ድካም እንዳለ ሳይሸፈን ታይቷልና።

ጥያቄ፦ «አሸናፊዎቹ የገንዘብ ሽልማትም ያገኛሉ?»

ይህን በተመለከተ በየካቲት 2017 በኮሪያን ሚዩዚክ አዋርድስ የሆነውን ልንገርዎ። የዓመቱ ምርጥ የፎክ ዘፈን ተሸላሚ የነበረችው ላንግ ሊ መድረክ ላይ ወጥታ፣ ባለፈው ወር ከሙዚቃ ያገኘችው ገቢ 420,000 ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) እንደነበር፣ ሽልማቱም ገንዘብ ቢኖረው ትመኝ እንደነበር ተናገረች። ከዚያም የወር ኪራይዋ በሆነው 500,000 ዎን መነሻ ዋጋ ዋንጫውን እዚያው ለጨረታ አቀረበች። ከተሰብሳቢው አንድ ሰው ገንዘቡን በጥሬው ከፍሎ ዋንጫውን ወሰደ። አዳራሹ ሳቀ፤ እርሷ ግን የተናገረችው እውነቷን ነበር። ስታዲየም ሙሉ ሰው በሚያጨበጭብበት አገር፣ በተቺዎች ዘንድ ምርጥ የተባለች ዘፋኝ የቤት ኪራይ ይቸግራታል። የሽልማቱ ወቅት ሲመጣ ስለ ትላልቆቹ ቡድኖች ብቻ ባንጽፍ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው፤ ዝርዝሩን ስትመለከቱ የፎክ፣ የጃዝና የኢንዲ (ከትላልቅ ኩባንያዎች ውጭ የሚሠሩ ሙዚቀኞች) ዘርፎችንም እባካችሁ አትለፉ።

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ሆኜ በቀጥታ ለማየት ሰዓቱን እንዴት ላስላ?»

ኮሪያና ጃፓን ከኢትዮጵያ በ6 ሰዓት ይቀድማሉ። በእነርሱ ሰዓት ከምሽቱ 7፡00 የሚጀምር ዝግጅት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7፡00 ሰዓት ነው፤ ቁጥሩ ያው ስለሆነ ማስላት አያስፈልግም። ሆንግ ኮንግ ከሆነ አንድ ሰዓት ጨምሩ። በየአገራችሁ የሰዓት አቆጣጠር፣ በዱባይ ያላችሁ ለዚሁ የኮሪያ ወይም የጃፓን ዝግጅት ከቀትር በኋላ 2፡00፣ በቴል አቪቭ በክረምት ሰዓት አቆጣጠር እኩለ ቀን፣ በዋሽንግተን ደግሞ ከንጋቱ 5፡00 ላይ ስልካችሁን አዘጋጁ።