«አባቴ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ደበቁኝ፤ ሴሚስተሬን ትቼ ልመለስ?»

ጥያቄ

«የዩኒቨርሲቲ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለአንድ ሴሚስተር በእንግዳ ተማሪነት ውጭ አገር ከመጣሁ 9 ሳምንት ሆኖኛል። 7 ሳምንት ይቀረኛል። ባለፈው ሳምንት ከአጎቴ ልጅ ጋር በስልክ ስናወራ ‹አባትሽ ከኦፕሬሽኑ በኋላ እየተሻላቸው ነው አይደል?› አለችኝ። የምን ኦፕሬሽን? ለካ እዚህ በመጣሁ በ3ኛው ሳምንት አባቴ ደረቱ ተከፍቶ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በዚያ ሰሞን ስደውል እማዬ ‹ተኝቷል›፣ ‹ወጣ ብሏል›፣ ‹ኔትወርክ አስቸገረ› ትለኝ ነበር። ወንድሜ ደግሞ ‹አትንገሯት፣ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች ያለው ራሱ አባዬ ነው› ይላል። በእናቴ በጣም ተናድጃለሁ። ጮህኩባት። ከዚያ ወዲህ 6 ቀን ስልኳን አላነሳሁም። እኔ እኮ ምንም ቢደርስብኝ አላስጨንቃቸውም። እዚህ ጓደኛ የለኝም። አንድ ኮርስ ከብዶኝ ትቻለሁ። ማታ ማታ አለቅሳለሁ። ግን ስደውልላቸው ካሜራውን ወደተስተካከለው የክፍሌ ጥግ አዙሬ ሁሌም ‹ደህና ነኝ› ነው የምላቸው። እነሱ ግን ዋሹኝ። አሁን ትኬት ቆርጬ ልመለስ እያሰብኩ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ

ንዴትሽ ተገቢ ነው። ይህን አስቀድሜ የምለው፣ እስካሁን የነገርሻቸው ሰዎች ሁሉ «ላንቺ ብለው እኮ ነው» ሳይሉሽ እንዳልቀሩ ስለምገምት ነው። ላንቺ ብለው ማድረጋቸው እውነት ነው። መጎዳትሽም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። አባትሽ ኦፕሬሽን ክፍል በነበሩበት ሰዓት አንቺ ምናልባት ትምህርት ላይ ተቀምጠሽ ማስታወሻ እየያዝሽ ነበር። መጨነቅ ትችይ ነበር። «አይዞህ አባዬ» ማለት ትችይ ነበር። ከፈለግሽም መሄድ ትችይ ነበር። ሌሎች ሳይጠይቁሽ ወሰኑልሽ። «ያኔ አንድ ነገር ቢሆንስ ኖሮ?» የሚለው ሐሳብ ሌሊት እየመጣ የሚያባንንሽ ከሆነ አይግረምሽ።

ሌላም ጉዳት አለ። ከእንግዲህ እናትሽ «ሁሉም ሰላም ነው» ሲሉሽ እንዴት ታምኛለሽ? ቤት ያለ ሰው የአባቱን አረማመድ ያያል። ሳላቸውን ይሰማል። ጠረጴዛ ላይ አዲስ መድኃኒት ሲያገኝ «ይሄ የምንድን ነው?» ይላል። ርቆ ያለ ሰው የሚይዘው ግን ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ካልታመነ ምንም አይቀረውም። በየስልኩ የእናትሽን ድምፅ መመርመር፣ ከኋላ ማን ምን እንደሚል ማዳመጥ ትጀምሪያለሽ። ያደክማል። ለእኔ የዚህ ሁሉ ነገር እምብርት በመካከላችሁ ያለው ቃል ነው። ትኬቱ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወንድምሽ «አትንገሯት» ያሉት አባትሽ እንደሆኑ ነግሮሻል። አንቺ ግን የጮህሽው በእናትሽ ላይ ነው። ለምን ይመስልሻል? የታመመ ሰው ላይ መቆጣት ከባድ ነው። ደረቱ ገና ያልጠገገ አባት ላይ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ንዴት ግን ማረፊያ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚያርፈው «ይችለኛል፣ አይጠላኝም» ብለን በምናምነው ሰው ላይ ነው። እናትሽ በእነዚያ ሳምንታት ቀን ሆስፒታል ውለው፣ ማታ ድምፃቸውን አስተካክለው ያነጋግሩሽ ነበር። የባላቸውን ጭንቀት ለልጃቸው ማካፈል አልተፈቀደላቸውም። ጥፋት የለባቸውም እያልኩሽ አይደለም። አባትሽን «አይሆንም፣ ልነግራት ይገባል» ማለት ይችሉ ነበር። ቁጣውን ሁሉ ለብቻቸው መሸከማቸው ግን ልክ አይደለም። የአባትሽንም ድርሻ ለአባትሽ መስጠት አለብሽ፤ ቀስ ብለሽ፣ ጊዜውን ጠብቀሽ።

አሁን ደጋግሜ ወዳነበብኩት መስመር ልምጣ። ስለ ካሜራው የጻፍሽውን ማለቴ ነው።

አንቺ እንባሽን ደበቅሽ። እነሱ ኦፕሬሽኑን ደበቁ። ክብደቱ አንድ አይደለም፤ አውቃለሁ። ምክንያቱ ግን ያው ነው፤ እንዳይጨነቁ፣ እንዳትጨነቅ። 9 ሳምንት ሙሉ በስልኩ በዚህም በዚያም ጫፍ ያላችሁ ሰዎች ደህና ሳትሆኑ «ደህና» ተባባላችሁ። ይህን ያነሳሁት ጥፋቱን ላካፍልሽ ብዬ አይደለም። እናትሽ ምን ተሰምቷቸው እንደነበር ለማወቅ ሩቅ እንዳትሄጂ ብዬ ነው። ካሜራውን ወደ ንጹሑ ጥግ ስታዞሪ ልብሽ ውስጥ የነበረው ንቀት ነበር? ማታለል ነበር? አልነበረም። እናትሽም «ተኝቷል» ሲሉሽ ያው ስሜት ነበር የሚተናነቃቸው።

ዋጋውም ያው ነው። ማይክል ስሌፒያን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ምስጢር ያወጣው ጥናት አለ። ሰዎች ምስጢራቸውን ሰው ፊት ሆነው ከሚደብቁበት ጊዜ ይልቅ ብቻቸውን ሆነው የሚያብሰለስሉበት ጊዜ ይበዛል። የሚጎዳቸውም በአብዛኛው ይኸው ማብሰልሰል ነው። ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ የሚመጣብሽን ለቅሶ አስቢው። እናትሽም ስልኩን ከዘጉ በኋላ ምን ያደርጉ እንደነበር ገምቺ።

ይህን ታሪክ በምክር ክፍሌ ከሁለቱም ወገን ሰምቼዋለሁ። ከደበቁት ወላጆችም፣ ከተደበቀባቸው ልጆችም። «በመደበቃችን ልጃችን እፎይ ብላ ተማረች» ያለኝ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ወደ ትኬቱ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የሕክምና ተማሪ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ስለ ቤት ናፍቆት የመመረቂያ ጽሑፍ ጻፈ። «ኖስታልጂያ» የሚለውን ቃል የፈጠረው እሱ ነው። ከመዘገባቸው ሰዎች አንዱ ከበርን ወደ ባዝል ለትምህርት የመጣ ወጣት ነበር። በጠና ታመመ። ወደ ቤቱ ሊወስዱት ይዘውት ሲወጡ ገና መንገድ ላይ እያለ ይሻለው ጀመር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ገና ቤት ሳይደርስ መሻሉ ነው።

አንቺስ? ትኬት ለመቁረጥ ስታስቢ ደረትሽ ቀለል ይልሻል? ከሆነ በሐቀኝነት ራስሽን ጠይቂ። የሚቀልሽ አባትሽን ስለምታዪ ነው? ወይስ ከባዱ ኮርስ፣ ባዶው ክፍልና ብቸኝነቱ ስለሚያበቃ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውም የሚያሳፍር አይደለም። ግን መልሳቸው ይለያያል። ለአባትሽ ከሆነ መጀመሪያ እውነተኛ መረጃ ያስፈልግሻል። ከብቸኝነቱ ለመውጣት ከሆነ የአባትሽን ሕመም ምክንያት አታድርጊው። ኋላ ራስሽን ትወቅሻለሽ፤ አባትሽም «በእኔ የተነሳ ትምህርቷን ተወች» እያሉ ይኖራሉ። ያን ሁሉ የደበቁት እኮ ይህን ፈርተው ነው።

መረጃውን በተመለከተ፣ ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸውን ወረቀት ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠይቂ። ደረት ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ የደረት አጥንቱ ለመግጠም በተለምዶ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስድበታል። አባትሽ አሁን 6ኛው ሳምንት ላይ ናቸው። ከእንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ሰው ስሜቱ ይወርዳል፣ ሆደ ባሻ ይሆናል። ድምፃቸው ቢቀዘቅዝብሽ የከፋ ነገር ደብቀውኝ ነው ብለሽ ወዲያው አትደምድሚ። ጠይቂያቸው።

ሐኪሙ «አደጋ ላይ ናቸው» ካለ ሂጂ። ይህ ብዙ ምክር አያስፈልገውም። «በደንብ እያገገሙ ነው» ካለ ግን ሰባቱን ሳምንት ጨርሰሽ እንድትመለሺ እመክርሻለሁ። የእንግዳ ተማሪ ክሬዲት የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ ኮርሱ ሲያልቅ ነው። መሃል ላይ ከተውሽው የ9 ሳምንት ድካምሽ ባዶ ወረቀት ሊሆን ይችላል። መሃል መንገድም አለ፤ ለጥቂት ቀናት ደርሶ መመለስ። እዚህ ላይ ግን ቪዛሽን አስቀድመሽ እዪ። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ከሆነ ከወጣሽ ያለ አዲስ ፈቃድ መመለስ አትችይም። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ያለሽበትን ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪዎች ቢሮና የራስሽን ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪ አነጋግሪ። ስለተውሽው ኮርስም ያኔውኑ ንገሪያቸው። ከመምጣትሽ በፊት ምን እንደምትማሪ የተፈራረማችሁት ስምምነት ካለ፣ ለውጡን ሁለቱም ወገን ማጽደቅ ሊኖርባቸው ይችላል። ያለሽው አውሮፓ ውስጥ ከሆነ አንድ ሙሉ ሴሚስተር በአብዛኛው 30 ክሬዲት ነው። የጎደለሽ ስንት እንደሆነ ቁጠሪ። የጨለማ ፍርሃት ነው የሚሆንብሽ ቁጥሩን እስክታውቂው።

ስለ ብቸኝነትሽም ጥቂት ልበል። ውጭ ለመማር የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ሁሉ ነገር ያምርለታል፣ ኋላ ነው የሚከፋው ይባላል። አንትሮፖሎጂስቱ ካለርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ባህል ድንጋጤ ከጻፈ በኋላ ብዙ ሰው ይህን ደጋግሞታል። ኮሊን ዋርድና ባልደረቦቿ ኒውዚላንድ የሄዱ ጃፓናውያን ተማሪዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ጭንቀቱ ከፍተኛ የነበረው ልክ እንደደረሱ ነው። ስለዚህ «ሌላው ሲደሰት እኔ ብቻ አለቀስኩ» ብለሽ ከነበረ አልተሳሳትሽም፣ አልደከምሽምም። ሆኖም 9 ሳምንት ሆኖሽም ማታ ማታ ማልቀሱ ከቀጠለ፣ እንቅልፍሽ ወይም የምግብ ፍላጎትሽ ከተበላሸ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለውን የምክር አገልግሎት ጠይቂ። እንግዳ ተማሪዎች «ለእኛ አይሆንም» ብለው ይቀራሉ። በአብዛኛው ግን የተመዘገበ ተማሪ ሁሉ ይስተናገዳል። ለ7 ሳምንት ብዬ ምን አስቸገረኝ አትበዪ። 7 ሳምንት በለቅሶ ረጅም ነው።

አሁን ስልኩ። ዛሬ ደውዪ፤ መጀመሪያ ለእናትሽ። ንዴቱ ገና እየነደደ ከሆነ ቁጭ ብለሽ 15 ደቂቃ ያህል ጻፊው፤ ለማንም የማትልኪው ነው፣ አታሳምሪው። ከዚያ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦

«እማዬ፣ ስለጮህኩብሽ ይቅርታ። ስልክሽን አለማንሳቴም ጥሩ አልነበረም። ግን መደበቃችሁ በጣም ጎድቶኛል። አባዬ ሆስፒታል ሆኖ እኔ ምንም ሳላውቅ መሳቄን ሳስበው አሁንም ያመኛል። አንቺ ያን ሰሞን እንዴት ነበርሽ? ማን ነበር አጠገብሽ?»

የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች እንዳትዘያቸው። እስካሁን ማንም ያልጠየቃቸው ይሆናል። ምናልባት ያለቅሳሉ። ዝም ብለሽ ስሚ። «ለአንቺ ብለን እኮ ነው» ካሉ አትከራከሪ። «አውቃለሁ እማዬ። ሁለተኛ ግን እንዲህ አታድርጉልኝ» በያቸው።

ቀጥሎ ስምምነት አድርጉ። ቁርጥ ያለ ይሁን። ሆስፒታል የተኛ፣ ኦፕሬሽን የሚደረግለት፣ ሕይወቱ ያለፈ ሰው ካለ በዚያው ቀን ይነገርሻል፤ ፈተና ላይ ብትሆኚም። የሚነግርሽ አንድ ሰው ይሁን፤ ወንድምሽ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ለእናትሽ ሸክም ይቀልላቸዋል። ተራውን ጉንፋንና የቤት ጭቅጭቅ ግን ባይነግሩሽም ችግር የለውም። አንቺም የራስሽን ድርሻ ግቢ። ኮርስ መተውሽን፣ ሰው ማጣትሽን ንገሪያቸው። «መፍትሔ አልፈልግም፣ እንድታውቁት ብቻ ነው» ብለሽ ጀምሪ። ወላጅ ሩቅ ሆኖ ልጁ ስታለቅስ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው «ነይ ተመለሽ» ማለት ስለሆነ ነው።

ከአባትሽ ጋር ያለው ንግግር ረጅም አይሁን። ወቀሳውን አሁን አታምጪው፤ ስትመለሺ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ትነጋገሩበታላችሁ። ለዛሬ በቪዲዮ ደውዪላቸውና ከኮሌታቸው በታች ያለውን ጠባሳ እንዲያሳዩሽ ጠይቂያቸው። እምቢ ካሉ አታስጨንቂያቸው፤ ካሳዩሽ ግን ፊትሽን አታዙሪ። ከዚያ አንቺም ካሜራውን አዙረሽ ያልተነጠፈውን አልጋሽን፣ ወንበሩ ላይ የተቆለለውን ልብስ፣ ጠረጴዛሽ ላይ የተከማቸውን ወረቀት አሳዪያቸው።