የወንድምሽ ልጅ የሆኪ አጥቂ ይሁን ወይ? ለደሴዋ እህታችን መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን በደንብ አነበብኩት። ካናዳ ካልጋሪ ያለው የወንድምሽ ልጅ 15 ዓመቱ ነው፣ የአይስ ሆኪ አጥቂ ነው፣ አንድ የጁኒየር ማለት የወጣቶች ቡድን ፈልጎታል። በሚቀጥለው ዓመት ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ከተማ ሰው ቤት እያደረ ይጫወታል መባሉን ሰምተው አባትሽ «ልጅ አሳድጎ ለባዳ መስጠት ምን የሚሉት ነው» ብለው ምርቃታቸውን ይዘውበታል። አንቺ ደግሞ ይሄ ነገር እንጀራ ይሆነዋል ወይ ብለሻል።

አሁን ኮምቦልቻ ገብቼ ብኖርም ካልጋሪ ሳለሁ ለብዙ ዓመት የበረዶ ሜዳ ሠራተኛ ነበርኩ። የኔም ልጅ በክንፍ አጥቂነት እስከ ጁኒየር ተጫውቷል። የማውቀውን ልንገርሽ፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ለአባትሽ። ልጁ የሚያድርበትን ቤት የሚመርጠው ክለቡ ነው። ቤተሰቡን አጣርቶ ይቀበላል፣ ለቀለቡም በየወሩ ይከፍላል። ልጁ እዚያው ከተማ ትምህርት ቤት ይገባል። የኔን ልጅ የተቀበሉት ባልና ሚስት ማታ ሳይበላ አያስተኙትም ነበር፤ ሴትየዋ እስከ ዛሬ በልደቱ ቀን ትደውልለታለች። ሆኖም ቤቱን ወንድምሽ ራሱ ሄዶ ይየው፣ ሰዎቹንም ቁጭ ብሎ ያናግራቸው።

ወደ ሥራው ልግባ። ለማያውቀው ሰው የገና ጨዋታ በበረዶ ላይ በይው፤ በጥንጉ ፈንታ ፓክ የሚባል ጥቁር ክብ ጎማ አለ። አንድ ቡድን ለጨዋታ 12 አጥቂዎች ያሰልፋል፤ አንድ የመሐልና ሁለት የክንፍ እየሆኑ በአራት ምድብ ይከፈላሉ። አንዱ ምድብ ገብቶ 45 ሰከንድ ያህል በሙሉ ኃይሉ ይሮጥና ይወጣል፣ ሌላው ይተካል። ወንበራቸው አጠገብ ቆሜ ብዙ አይቻለሁ፦ አንዱ ልጅ አጥሩን ዘሎ ይገባል፣ የወጣውም ገና ትንፋሹ ሳይመለስለት እንደገና ይጠራል፤ ላቡ ከራስ ቁሩ ሥር በጉንጩ ይወርዳል፣ ውሃውን ተጉመጥምጦ ይተፋል እንጂ ለመዋጥ እንኳ ጊዜ የለውም። የመጀመሪያው ምድብ አጥቂ በአንድ ጨዋታ 20 ደቂቃ ገደማ ሜዳ ላይ ሲቆይ አራተኛው ምድብ ከ10 ደቂቃም በታች ሊያገኝ ይችላል። የአንድ አጥቂ ዕድሜ ልክ ትግል ከአንዱ ምድብ ወደ ላይኛው መውጣት ነው። ስለዚህ ስንት ጎል አገባ ከማለት አሠልጣኙ በየትኛው ሰዓት ያስገባዋል ብላችሁ ጠይቁ። ቡድኑ አንድ ጎል እየመራ መጨረሻው ደቂቃ ላይ የሚገባ ልጅ ከሆነ ታምኖበታል ማለት ነው።

የካልጋሪን ቡድን ለዓመታት በአምበልነት የመራው አጥቂ ጃሮም ኢጊንላ ለዚህ ምስክር ነው። አባቱ ከናይጄሪያ የመጡ ናቸው፣ እሱ ኤድመንተን ተወለደ፣ በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ 625 ጎል አገባ። እኔ ግን ከጎሎቹ ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው በ2010 የቫንኩቨር ኦሎምፒክ ፍጻሜ አሜሪካ ላይ ያቀበላትን ኳስ፣ ማለቴ ፓክ ነው። ጭማሪ ሰዓት ነው፤ ተጫዋች ተጭኖት አጥሩ ሥር እየወደቀ ሳለ የቡድን ጓደኛው ክሮዝቢ «ኢጊ!» ብሎ ሲጮህ ሰማው፣ እየወደቀ አቀበለው፣ ካናዳ ወርቁን ወሰደች። ለልጁ ያንን ቪዲዮ አሳዩት።

ቁመቱ አጭር ነው ብለሻል። ማርቲን ሴንት ሉዊስ 1 ሜትር ከ73 ብቻ ነው፤ ቡድኖቹ በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት በድራፍት ማንም አልመረጠውም፣ በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ አለፈ፣ ካልጋሪም በ2000 አሰናበተው። በ2004 የዋንጫ ፍጻሜ በስድስተኛው ጨዋታ፣ ለታምፓ ቤይ ተሰልፎ፣ ካልጋሪን በገዛ ሜዳዋ በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት ያሸነፈበትን ጎል ያገባው እሱ ነው። በዚያው ዓመት የሊጉ ኮከብ ተባለ። ከተማው እንዴት ዝም እንዳለ ነበርኩበት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ኤንኤችኤል 32 ቡድን ብቻ ነው። በየዓመቱ በድራፍት 224 ልጆች ከመላው ዓለም ይመረጣሉ፤ ከነሱም ብዙዎቹ ሳይገቡ ይቀራሉ። በ2025-26 ዝቅተኛው ደመወዝ 775,000 የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ከሥሩ ያለው ኤኤችኤል ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ይከፍላል፣ የብዙ ወጣቶች ውልም ላይ ሲጫወቱ በአንድ ዋጋ፣ ታች ሲወርዱ በሌላ ዋጋ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ በኤንኤችኤል ተስፋ ብቻ አይወስን።

የኔ ሐሳብ ይሂድ ነው፣ ትምህርቱ በጽሑፍ ከተያዘለት። የምዕራብ ካናዳው ጁኒየር ሊግ፣ ደብልዩኤችኤል፣ ልጁ ለተጫወተበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ዓመት የኮሌጅ ክፍያ ይሸፍናል። የኔ ልጅ የተማረው በዚያ ነው፣ ዛሬ መሐንዲስ ነው። ቀድሞ በዚህ ሊግ የተጫወተ ልጅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሆኪ በር ይዘጋበት ነበር፤ ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ግን ተከፍቷል። ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው፣ ወንድምሽ ላይሰማው ይችላል። የትምህርቱ ድጋፍ የመጠቀሚያ ቀነ ገደብ ስላለው፣ የፕሮፌሽናል ውል ሲፈርም ምን እንደሚሆንም አስቀድሞ ይጠይቅ።

የማያስተኛኝ የጭንቅላት ጉዳት ነው። የካናዳ ሆኪ ማኅበር በ2013 ለ11 እና 12 ዓመት ልጆች በሰውነት መጋጨትን የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በጁኒየር ግን ግጭቱ ሙሉ ነው። ልጁ ተመትቶ ራሴን አዞረኝ፣ ብርሃን አስጠላኝ ካለ፣ የፍጻሜ ጨዋታ እንኳ ቢሆን ሐኪም ሳይፈቅድ አይመለስ። ይህን ለአሠልጣኙ ፊት ለፊት የሚነግረው አባቱ ይሁን፤ ልጆች ቦታቸውን እንዳያጡ ሕመማቸውን ይደብቃሉ።

ክረምት ላይ ወደናንተ ከመጣ የጦሳን ተራራ ሽቅብ ይሩጥ። የኔ ልጅ በእረፍቱ ያደርገው ነበር፤ የአጥቂ እግር የሚሠራው በረዶው በሌለበት ወር ነው።

ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ። አባትሽ ፈቃዳቸው ከሆነ ከቡና ሰዓት በኋላ ቤት ልምጣና ከወንድምሽ ጋር በስልክ አብረን እናውራ። የውሉን ቅጂ ግን ከዚያ በፊት ይላክልኝ፣ አንብቤው ልምጣ።