ዳገት ላይ የሚሞቅ ቮልስ፦ ካርቡራቶሩን ይተዉትና ፑንቲናውን ይዩ

ጥያቄ፦ የ1967 ሞዴል ቮልስ 1300 አለኝ። ፑንቲናና ኮንዴንሰር ካስቀየርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። አሁን ግን ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ጉልበት ያጣል፣ ከወትሮው በላይ ይሞቃል፣ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ በማርሚታው ይተኩሳል። ጠዋት ግን ያለ ችግር ይነሳል። ካርቡራቶሩ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ታጠበ፤ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ካርቡራቶሩን ከዚህ በኋላ አያስነኩት። እሳቱ ዘግይቷል፤ ማለትም ካንዴላው ብልጭታውን የሚሰጠው ከሰዓቱ ዘግይቶ ነው። ጠዋት በቀላሉ የሚነሳ፣ ዳገት ላይ የሚደክም፣ የሚሞቅና በማርሚታ የሚተኩስ ሞተር ብዙውን ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው። ቤንዚኑ በሰዓቱ ስለማይቀጣጠል የጭስ ቫልቩ ሲከፈት ገና እየነደደ ይወጣል። ከሁሉ በላይ የመራኝ ደግሞ «መጀመሪያ ጥሩ ነበር» ያሉት ነው። ሲገጠም በስህተት ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ ችግሩ በዚያው ቀን ይታይ ነበር። ፑንቲና መብራቱን እየዘጋና እየከፈተ ብልጭታውን የሚያስነሳ ማብሪያ ነው፤ የሚከፍተውም ካሙ፣ ማለትም የሚዞረው ባለ ጉብታ ዘንግ ነው። ችግሩ ቀስ በቀስ ከመጣ፣ ካሙን የሚነካው የፑንቲናው እግር ተበልቷል ማለት ነው። እግሩ ሲበላ በፑንቲናው ሁለት ፊቶች መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ፑንቲናው ዘግይቶ ይከፈታል፤ እሳቱም አብሮ ይዘገያል።

ዛሬ በርካሽ የሚሸጡት ፑንቲናዎች እግራቸው ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ ብሎናቸውም ገና ሲጠብቅ ጥርሱ ይላጫል። በዚያ ላይ ብዙዎች ሲገጥሙ ካሙ ላይ ቅባት አያደርጉም። የክብሪት ጭንቅላት የምታክል ግሪስ ብቻ ይበቃ ነበር። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ተረጭቶ ፑንቲናውን ያበላሻል።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር፦ በቮልስ ላይ የቤንዚን ፓምፑና ዲስትሪቢውተሩ (ፑንቲናው ያለበት፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ጎን ለጎን ናቸው። የቤንዚን ጎማው ከተሰነጠቀ፣ ከደረቀ ወይም ላዩ ከረጠበ መጀመሪያ ይቀይሩት። የቤንዚን ሽታ ካለ ቁልፉን አይክፈቱ። የሞተሩ አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል። የእሳት ማጥፊያና ደረቅ አሸዋ አጠገብዎ ይሁን።

ቅደም ተከተሉ መቼም አይለወጥም፤ ክፍተቱ ቀድሞ፣ ታይሚንጉ (እሳቱ የሚመጣበት ሰዓት) ቀጥሎ። ታይሚንጉን አስተካክለው ክፍተቱን ከነኩ ታይሚንጉ ተመልሶ ይበላሻል።

የዲስትሪቢውተሩን ክዳንና በውስጡ የሚዞረውን ሮተር ያንሱ። ሞተሩን በዲናሞው ዳዶ ላይ በ21 ቁልፍ እያዞሩ የፑንቲናው እግር ከካሙ ጉብታ ጫፍ ላይ እንዲቆም ያድርጉ። ቺንጋው ከተንሸራተተ ካንዴላዎቹን ይፍቱ። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። የፑንቲናው ፊት ላይ ጉብታና ጉድጓድ ካለ ፊለር ጌጁ (የክፍተት መለኪያው) ይዋሻል፤ ያን ጊዜ ፑንቲናውን ይቀይሩ። አዲሱን በንጹሕና ደረቅ ወረቀት ይጥረጉት፤ ከፋብሪካ የመጣው የዘይት ሽፋን እሳት ይከለክላል።

አሁን ታይሚንጉ። ከኋላ ቆመው ሲያዩ ሞተሩ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ትልቁ ፑሌ ላይ ሁለት ጭረቶች ካሉ የግራው ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5፣ የቀኙ 10 ዲግሪ በፊት ነው። የእርስዎ ሞተር 7.5 ነው። ፑሌው የተቀየረ ከሆነ ግን ጭረቱን አይመኑ። በቁጥር 1 ካንዴላ ቀዳዳ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ አስገብተው ፒስቶኑ ከፍተኛው ቦታ የሚደርስበትን ያግኙ፣ የሞተሩ ሁለት ግማሾች በሚጋጠሙበት መስመር ትይዩ ፑሌው ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ የፑሌውን ዙሪያ በገመድ ይለኩና ለ48 ያካፍሉ። ዙሪያው 55 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውጤቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከምልክቱ ወደ ቀኝ ያን ያህል ይጫሩ፤ 7.5 ዲግሪ እሱ ነው።

ጭረቱን ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር ያግጥሙ። ሮተሩን መልሰው ይግጠሙና ዲስትሪቢውተሩ ጠርዝ ላይ ካለችው ትንሽ ምልክት ትይዩ መሆኑን ይዩ፤ የቁጥር 1 ምልክት እሷ ናት። ሮተሩ ወደ ተቃራኒው ካየ ያሉት ቁጥር 3 ላይ ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቮልስ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ቁጥር 3 ከኋላ ሲታይ በግራ፣ ወደ መኪናው ፊት ያለው ሲሊንደር ነው። በዚያ ዘመን ሞተር ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ወደ ግራ ሲሊንደሮች በሚወርደው አየር መንገድ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ቁጥር 3 የሚደርሰው አየር ከዘይቱ ሙቀት የወሰደና የቀነሰ ነው። ፋብሪካው ይህን ስላወቀ በብዙዎቹ ዲስትሪቢውተሮች ላይ የቁጥር 3ን የካም ጉብታ እስከ 4 ዲግሪ የሚዘገይ አድርጎ ሠራው። ትንሽ ሲዘገይ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ማንኳኳትም (ቤንዚኑ ያለ ሥርዓት ሲፈነዳ የሚሰማው ድምፅ) አይመጣም። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው የራሱ የአየር መንገድ ተሰጠው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሮተሩን ሳያይ በቁጥር 3 ያስተካከለ ሰው ሌሎቹን ሦስቱን ያስቀድማቸዋል፤ ዳገት ላይ ያንኳኳሉ። ሁለተኛ፣ እንደ እርስዎ ፑንቲናው ተበልቶ ሁሉም ከዘገየ፣ ቁጥር 3 መዘግየቱ ላይ ሌላ መዘግየት ይጨመርበታል። ትንሽ መዘግየት ይጠብቀው ነበር፤ ብዙ መዘግየት ግን የጭስ ቫልቩን ያቃጥላል፣ ተቆርጦም ፒስቶኑን ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ እስኪስተካከል ድረስ ዳገት አይውጡበት።

ወደ ሥራው እንመለስ። ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ይያዙ፤ መኪናው ገና በ6 ቮልት ከሆነ አምፖሉም 6 ይሁን። አንዱን ሽቦ ወደ ዲስትሪቢውተሩ በሚሄደው የኮይል (ለብልጭታው ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው) ጫፍ ላይ ያስሩ፤ 1 የሚል ተጽፎበታል። ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ። የዲስትሪቢውተሩን ማሰሪያ ብሎን በእጅ እስኪዞር ብቻ ያላሉት። እንደገና ያሽትቱ፤ ቤንዚን ከሸተተ እዚህ ላይ ያቁሙ። ካልሸተተ ቁልፉን ይክፈቱ፤ ሞተሩን ግን አያስነሡ።

ዲስትሪቢውተሩን ወደ ሰዓት አቅጣጫ ያዙሩ፤ አምፖሉ ይጠፋል። አሁን በጣም ቀስ ብለው ወደ ግራ ይመልሱት። አምፖሉ እንደበራ ያቁሙና ብሎኑን ያጥብቁ። ቁልፉን ወዲያው ይዝጉ፤ ፑንቲናው ተዘግቶ ቁልፉ ክፍት ከቆየ ኮይሉ ይቃጠላል።

ለማረጋገጥ ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ። አምፖሉ ልክ ጭረቱ መስመሩ ላይ ሲደርስ መብራት አለበት። ካለፉት ሩብ ዙር ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ይምጡ፤ ሁልጊዜ ወደ ሰዓት አቅጣጫ። ቁጥር 3 ላይ አምፖሉ ጭረቱ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ካለፈ በኋላ ቢበራ ጤነኛ ነው፤ «ላስተካክለው» እንዳይሉ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች 10 ዲግሪ ይሻላል የሚሉ አሉ። እዚህ ከተማ ውስጥ ሊሄድ ይችላል፤ ወደ አዋሽ ተጭኖ ሲወርድ ግን ያንኳኳል። 7.5 ላይ ይተዉት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ድካሙ ካልቀረ ቀጭኗን የቫኩም ቱቦ ከካርቡራቶሩ ነቅለው በአፍዎ ይሳቡ። ክዳኑ ተነሥቶ ሳለ የፑንቲናው ሳህን መንቀሳቀስና በምላስዎ ሲዘጉት እዚያው መቆየት አለበት። ካልቆየ በቫኩሙ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን (ሜምብሬኑ) ተቀዷል፤ በዚህ ዓይነት ዲስትሪቢውተር እሳቱን የሚያስቀድመው እሱ ብቻ ነው። ቱቦዋ በብሎን ተደፍና ካገኟት ደግሞ አንድ ሰው ዲስትሪቢውተሩን ያለ ቫኩም በሚሠራ ለውጦታል። ያ ዓይነቱ የሚስተካከለው በአምፖል ሳይሆን በታይሚንግ መብራት ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ ከ3,000 ዙር በላይ ሲሮጥ 30 ዲግሪ ገደማ ላይ።

ሞተሩን አስነሥተው መጀመሪያ የሚያዩት የቤንዚን ጎማውን ይሁን፤ ሲሠሩ ተነክቶ ሊላላ ይችላል። ከዚያ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ክፍተቱን ድጋሚ ይለኩ። ከ0.4 ወደ 0.3 ከወረደ ያንን ፑንቲና አውጥተው ይጣሉት።