ውልቃቱ ገባ ማለት አለቀ ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንዲት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምትማር ሐኪም) «ዶክተር፣ የእጅ አንጓው ውልቃት አንዴ ከገባ በኋላ ቀዶ ጥገናውን ምን ያስቸኩለዋል?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ቶሎ አልመለስኩላትም፤ አንድ የልስን ሠራተኛ ትዝ አለኝ።

ከመወጣጫ ላይ ወድቆ በመዳፉ ነው መሬት ያረፈው። እኔ ጋ ሲደርስ ሦስት ወር አልፎታል። የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት አቅቶት ሲታገል አየሁት፤ አውራ ጣቱ፣ ሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ደንዝዘዋል። «እስካሁን የት ነበርክ?» ብዬ ተቆጣሁት። «ኧረ በወደቅኩበት ቀን ታይቻለሁ፤ ስብራት የለህም፣ ወለምታ ነው ብለው ሸኙኝ» አለና የዚያን ቀን ራጅ ከፖስታ አውጥቶ ሰጠኝ።

ብርሃን ላይ ሰካሁት። እውነትም ስብራት የለም። ከጎን የተነሳው ላይ ግን ሉኔት የሚባለው የአንጓ አጥንት እንደተደፋ ሲኒ ወደ መዳፍ ዞሮ ቁጭ ብሏል። ከፊት የተነሳው ላይም ቅርጹ ተለውጦ ሦስት ማዕዘን መስሏል። ሁሉም ነገር እዚያው ነበር! በዚያ ቀን ቢሆን አጥንቱን መልሶ ጅማቱን መስፋት ይቻል ነበር። በሦስተኛው ወር ግን የካፒቴት (ከሉኔት ቀጥሎ ያለው አጥንት) ራስ ደህና ስለነበር ብቻ የአንጓውን የመጀመሪያ ረድፍ ሦስት አጥንቶች አውጥተን ለጣቶቹ ስሜት የሚሰጠውን ነርቭ ነፃ አደረግን። ሕመሙ ቀለለለት። የጭብጡ ጉልበት ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ልስኑንም ተወው። «ያኔ ቢታወቅ ኖሮስ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? እስካሁን ይቆጨኛል።

የሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1993 (እ.ኤ.አ.) የታተመ፣ ይህ ዓይነት ጉዳት የደረሰባቸውን 166 ሕመምተኞች ያየ የብዙ ሆስፒታሎች ጥናት ሩብ ያህሉ መጀመሪያ ላይ እንዳልታወቁ አሳይቷል።

እኔ ስማር አንድ የራጅ ባለሙያ ነበሩ፤ ከጎን የተነሳው ትንሽ ከተጣመመ አይለቁንም፣ ድጋሚ ያነሱታል። ያኔ ያናድዱን ነበር። ራዲየስ (የክንዱ አጥንት)፣ ሉኔትና ካፒቴት በአንድ መስመር መደርደራቸው የሚታየው ግን በእንዲህ ዓይነቱ ራጅ ላይ ነው። እናንተ ወጣት ሐኪሞች ዛሬ ራጁን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ትልካላችሁ፣ የሰውየውን ጣት ግን አትነኩም። ደግሞ ልዋሽ አልችልም፣ ባለፈው በቴሌግራም የተላከልኝ ራጅ የአንዱን እጅ አትርፎለታል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የወለቀውን አጥንት ወደ ቦታው መመለሱ የዚያው ሌሊት ሥራ ነው። ሕመምተኛው በደንብ ማደንዘዣ ይሰጠው፣ ጡንቻው ይፍታ፣ እጁ በጣቶቹ ተንጠልጥሎ ክንዱ ላይ ክብደት ይደረግና አስር ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ከዚያ ነው በአውራ ጣት ሉኔትን ከመዳፍ በኩል ይዞ መመለስ። እምቢ ካለ አትታገሉት፣ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ውሰዱት። ገብቶም የጣቶቹ ድንዛዜ ከባሰ፣ ወይም ካልተሻለው፣ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ነርቩ በቀዶ ጥገና ነፃ ይደረግለት። ከተሻለው ግን እብጠቱ እስኪቀንስ ጥቂት ቀን መታገስ ይቻላል።

ታዲያ ምን ያስቸኩላል? የገባው አጥንቱ ነው፣ ጅማቱ እንደተበጠሰ ነው። በጄሶ ብቻ ከተተወ አጥንቶቹ ቀስ በቀስ ይንሸራተታሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ጅማቱ ገና ይሰፋል፣ አጥንቱም በሽቦ ተይዞ ሁለት ወር ያህል ይቆያል። ስድስት ሳምንት ካለፈ ግን ጅማቱ ተኮማትሮ፣ ጠባሳው ቦታውን ይዞ፣ ሥራው ሌላ ሥራ ይሆናል። አይቻልም አልልም፤ ሁለት ወር ካለፈው በኋላ መልሰን ጥሩ የሆነለት ሰው አለ። እሱን አይታችሁ ግን ቀጠሮ አታራዝሙ።

ቀዶ ጥገናው በሰዓቱ ቢሠራም አንጓው ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አይታጠፍም፣ ከዓመታት በኋላም በራጅ ላይ የመገጣጠሚያ መበላት ይታያል፣ ብዙዎቹ ግን እጃቸውን ይሠሩበታል። ይህንን ሕመምተኛው ለቀዶ ጥገናው ሳይፈርም በፊት ንገሩት፤ ከፈረመ በኋላ ሲሰማው ሰበብ ነው የሚመስለው።